ቀኝ እጄና የዶክተር ገመቹ ስፌት

ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሲስተር ኤልቤቴል ናት፤ ገሪማ መታሰቢያ ክሊኒክ ውስጥ እጄን በፋሻ የምታስርልኝ ነርስ። «እትዬ ዘርትሁን፣ በየቀኑ ጠዋት እጅዎን በሜትር ለክተው ይጻፉበት፤ ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዲላን ሰው ደረትና ወገብ ለክቼ ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬ ለገዛ እጄ ደብተር ተሰጠኝ። ሳቄ መጣ።

እንግዲህ ይጻፍ። ቀኝ እጅ፣ አንጓው ላይ 21፣ ከክርን በታች 33፣ ከክርን በላይ 39። ግራ እጅ 16፣ 25፣ 30።

ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ ጡቴን በካንሰር አጣሁ። ሐዋሳ ነው ኦፕራሲዮን የተሠራሁት። ከብብቴ ሥር ያሉትንም እጢዎች አብረው አወጧቸው። ካንሰሩ ሄደ፤ ተመስገን። ከሁለት ዓመት በኋላ እጄ ማበጥ ጀመረ። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሌላ ውሃ መሳይ ፈሳሽ ይዞራል፣ ሊምፍ ይባላል፣ የእርስዎ መውጫው ብብትዎ ላይ ስለተዘጋ እጅዎ ውስጥ ይጠራቀማል አሉኝ።

ለሥራዬ ግን ምንም አላገደኝም። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለኅዳር 21 ኮንፈረንስ ሠላሳ ሁለት ጋውን አዘውኛል፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ነጭ ኮሌታ። ከዲላ ሰፊ ሁሉ መርጠው እኔ ዘንድ መጡ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

21፣ 33፣ 39።

ከአምልኮ በኋላ የመዘምራኑ መሪ ማርቲ ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ። «እህት ዘርትሁን፣ እንዳትደክሚ ብለን ነው፤ ግማሹን ጪጩ መንደር ላለው ሰፊ ብንሰጠውስ?» አለች። ዓይኗ እጄ ላይ ነው። ነጠላዬን አውርጄ ሸፈንኩት።

«ጪጩ ያለው ሰፊ ኮሌታ ማቆም መቼ ተማረ?» አልኳት።

በፍቃዱ፣ ባለቤቴ፣ ከጎኔ ቆሞ ጫማውን ያያል። የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሰው ጋር ስናገር ሁልጊዜ ጫማውን ነው የሚያየው። ቤት እስክንደርስ ቀድሞኝ ሄደ። ስንደርስ፦ «የሱቁን ትርፍ ቁልፍ ስጪኝ። ጠዋት ጠዋት ፈተና የማርምበት ጸጥ ያለ ቦታ እፈልጋለሁ።»

ሰጠሁት።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

21፣ 33፣ 39.5።

ዛሬ ዶክተር ገመቹ ራሱ አነጋገረኝ። ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ አርባ አልሞላውም። የቡሌ ሆራ ልጅ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

«እትዬ፣ እስከ ጥር መጨረሻ የሚቆይ መሣሪያ በውሰት መጥቶልናል። ሮቦት ነው።»

ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ በሁለት እግሩ የሚሄደው ታየኝ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ፈገግ አለ። የሊምፍ ቱቦዬ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንደማይሞላ ነገረኝ። እሱን ከቆዳው ሥር ካለች ቀጭን ደም ሥር ጋር ይሰፉታል፤ ፈሳሹ የተዘጋውን መንገድ ትቶ በደም ሥሯ በኩል ይወጣል።

«ታዲያ የሚሰፋው ሮቦቱ ነው?»

«የምሰፋው እኔ ነኝ። እኔ እጄን አንድ ሴንቲ ሳንቀሳቅስ የሮቦቱ መርፌ አንድ ሚሊ ብቻ ይሄዳል። ደግሞ የማንም ሰው እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ መንቀጥቀጡን ያስቀርልኛል።»

«የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም» አልኩት።

እጄን አየት አደረገ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ትናንት ሱቅ ስዘጋ የስድስተኛው ጋውን ኮሌታ ጠማማ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ገልጬ ባየው ቀጥ ያለ ነው። ሰው ሲደክመው ዓይኑ ነው የሚያታልለው። እጄ መቼም ሥራውን ያውቃል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

«ልሠራ እስማማለሁ፤ ግን በፊት ስፌትዎን ልይ» አልኩት ዶክተሩን። ሲስተር ኤልቤቴል ደነገጠች። እሱ ግን «ይምጡ» ብሎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዞኝ ሄደ፤ ጫማዬን አስወልቀው ኮፍያ አጠለቁልኝ።

መሣሪያው ያሰብኩትን አይመስልም። አንድ ምሰሶ፣ ከምሰሶው የወጡ ሁለት ቀጭን ክንዶች፣ ጫፋቸው ላይ ከቅንድብ መንቀያ በብዙ የሚያንሱ መቆንጠጫዎች። ዶክተሩ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ መያዣ ይይዛል፤ እሱ ጣቱን ሲገጥም እዚያ መቆንጠጫው ይገጥማል። የመሣሪያው መሐንዲስ ሙሐመድኑር ነው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት የሐጂ ልጅ። «እትዬ፣ የሰርጌን ሱሪ የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት እኮ» አለኝ። ወገቡ ሠላሳ አራት ነበር፤ አሁን ጨምሯል።

ዶክተሩ የቅንጭብ ጭራሮ የማታክል የላስቲክ ቱቦ ላይ ስምንት ጊዜ ሰፋ። ክሩ በዓይን አይታይም፤ በስክሪኑ ላይ ነው ያየሁት። ሲጨርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዶክተሩ እንዲያመሰግኑት የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

«ሦስተኛውና አራተኛው ተራርቀዋል» አልኩ። «አምስተኛው ደግሞ በጣም ጠብቋል፤ ጨርቁን ጨብጦታል። በዚያ በኩል ይጨማደዳል።»

ሙሐመድኑር ሳቁን ዋጠ። ዶክተሩ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ብዙ ጊዜ አየ።

«ትክክል ነዎት» አለ። ቱቦውን ቆርጦ ጣለና ሌላ አስቀመጠ። እንደገና ሰፋ፤ በዝግታ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

ሁለተኛውን አየሁት። «ይሄ ይለበሳል» አልኩ።

በባጃጅ ስመለስ አንገቴ ቀጥ ብሎ እንደነበር ታውቆኛል። ቀይ እሸት ቡና ጭነው የሚመጡት አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተውት ብዙ ቆምን፤ እኔ ግን አልታወቀኝም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ትኩሳት። ቀኙ ቀልቶ እሳት ሆኗል። መርፌ ወግቶኝ ኖሮ ቁስሉ አመርቅዟል አሉ። እኔ መወጋቴን አላስታውስም። ጣቴ መርፌውን አላወቀውም ማለት ነው? አይደለም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በፍቃዱ ጨርቅ በውሃ እየነከረ ግንባሬ ላይ ያደርጋል። ጠዋት ግን ይሄዳል። ፈተና።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሱቅ ሄድኩ። አራት ቀን ተኝቼ ጋውኖቹ አሥራ ስድስት ደርሰዋል፤ ከመታመሜ በፊት ብዙ ሠርቼ ኖሯል። አሥራ ሁለት መስሎኝ ነበር።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ሸዋአለም፦ «አንቺ ሴት፣ ትኩሳት ይዞሽም አታርፊም? ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የመኪናሽ ድምፅ ይሰማል» አለችኝ።

«የወፍጮ ቤቱ ነው» አልኳት። ሸዋአለም ጆሮዋ ከከበዳት ቆይቷል።

የበፍቃዱ አመልካች ጣት ላይ ፕላስተር አለ። የወረቀት መስፊያ ወጋኝ አለ። ሰው በሃምሳ ዓመቱ ወረቀት ማያያዝ ያቅተዋል!

ኅዳር 1፣ ሰኞ

21.5፣ 34፣ 40።

ተራዬ ኅዳር 10 ደርሷል አሉኝ። አልችልም አልኩ፤ ጋውኑ አላለቀም። ከተሠራሁ በኋላ ሦስት ሳምንት መቀስ መያዝ አይቻልም። ወደ ጥር መጨረሻ አዛውሩኝ አልኩ።

ዶክተር ገመቹ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «እትዬ፣ እጅዎ በቆየ ቁጥር ውስጡ ይጠጥራል። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ዛሬ የምሰፋው ሦስት ቱቦ አለ፤ ጥር ላይ አንድ ላይኖር ይችላል።»

«ጋውን ሳልጨርስ ሰጥቼ አላውቅም» አልኩት።

«ሌላ ሰው አይጨርስልዎትም?»

«የእኔን ሥራ?»

መዝገቡን ሳበ። አዛወረኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ጠዋት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ወደ ሱቅ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ። በሩ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ይሰማል።

በፍቃዱ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ። ትናንት የሰፋሁትን እጅጌ ገልብጦ በምላጭ ይተረትራል። ከተረተረ በኋላ ማስመሪያ አውጥቶ ለካው። እውነቴን ነው፣ በማስመሪያ። ከዚያ መንኮራኩሩን በእጁ እያዞረ አንድ አንድ መርፌ እያስገባ ሰፋው። በጎኑ ያጣጠፋቸው አሉ። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

አልገባሁም። ዞሬ በገበያው በኩል ወደ ቤት ተመለስኩ።

የትኛው ነው የእኔ? ኮሌታው? የስድስተኛው ኮሌታ? ሁሉም?

ለቁርስ መጣ። «ፈተናው አላልቅ አለኝ» አለ።

«ይቅናህ» አልኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አልለካሁም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ክሊኒክ ሄጄ ኅዳር 10 እሠራለሁ አልኩ። ሲስተር ኤልቤቴል መዝገቡን ይዛ አየችኝ።

«ጋውኑስ እትዬ?»

«ጋውኑ ሰው አለው።»

ሌላ አልጠየቀችም። ብትጠይቅም አልመልስም ነበር።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወሬው ሌላ ነገር የለውም። ዓርብ ከሰዓት አንድ የኮንጋ ገበሬ፣ ቦና የሚባል፣ እግሩ ያበጠ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ተሠርቷል። ሮቦቱ አበደ አሉ። አንዷ ደም ሥሩን በጠሰው ትላለች። ሌላዋ እግሩን ከጉልበቱ ቆረጠው ትላለች። ሦስተኛዋ ሁለቱንም።

ማርቲ ክንዴን ያዘችኝ፤ ግራውን። «እህት ዘርትሁን፣ ተይው። ጌታ ያለ ማሽን መፈወስ ያቅተዋል?»

«አያቅተውም። አንቺስ ያለ ማይክ መዘመር ያቅትሻል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ማርቲም ሳቀች። እኔ ግን ቤት ገብቼ ብዙ ጊዜ ቁጭ አልኩ። ስለ ማታው ወጥ ሳስብ ነበር። እጄን አራት ጊዜ ለካሁት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሰው የሚለውን ከምሰማ ብዬ ቦናን ልጠይቅ ሄድኩ። ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ቡና መሬት ላይ ሲሠራ፣ አፈሩ ነው እግሩን ያሳበጠው ተብሏል። በቋንቋው፣ በጌዴኡፋ፣ ሰላምታ ስሰጠው ፊቱ በራ።

«ተቆረጠ ሲሉ እኔም ሰማሁ» አለኝ። «ሚስቴ ከኮንጋ በሞተር መጥታ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቆጠረች። ሁለት ነው አለች። ከዚያ ተቀምጣ ምሳዋን በላች።»

ዶክተር ገመቹን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ሳያድበሰብስ ነገረኝ። መብራት ወረደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ መሣሪያው ራሱን አቆመ፤ ሲነሳም ለመሥራት እምቢ አለ። የቀረውን በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ ሰፋ።

«እጅህ ተንቀጠቀጠ?» አልኩት። አንቱ ማለቱን ረስቼው ነበር፤ እንደ ልጄ ነው ያየሁት።

«አዎ።»

«ታዲያስ?»

«ቆምኩ። ተነፈስኩ። ቀጠልኩ። ሦስት ለማገናኘት አስቤ ሁለት ሆነልኝ። ሁለተኛው ይዘጋል ብዬ እሰጋለሁ።» ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር እያየ፦ «ሙሐመድኑር ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ አልገባም። መሣሪያውን ለብቻው የሚይዝ ባትሪ እየገጠመ ነው። ሀሳብዎን ቢቀይሩ አልቀየምም።»

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኩት።

ስፌቱ ተበላሽቶበት ተበላሸ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩ እንጃ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

እራት በልተን ሳህኑን እያነሳ ነበር።

«ፈተናው ስንት ቀረህ?» አልኩት።

«ዘጠኝ» አለ፣ ሳያስበው።

የቀሩት ጋውኖች ዘጠኝ ናቸው።

ሳህኑን ይዞ ቆመ። ጫማውን አየ። ጫማ አላደረገም፤ ነጠላ ጫማ ነው።

«አየሽኝ?»

«ከረቡዕ ጀምሮ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ተቀመጠ። «ዘርቱ፣ ካንሰሩን ስትችይው አይቻለሁ። ጸጉርሽ ሲረግፍ እንኳ ቀልደሻል። ማርቲ ጨርቁን መጥታ ብትወስድብሽ ግን የምትችይው አልመሰለኝም።»

መልስ ነበረኝ፤ ሦስት አራት መልስ ነበረኝ። ኮሌታው ላይ የሚሰፋው የእኔ ስም ነው፣ ሰውን እያታለልኩ ነበር ማለት ነው፣ እንደ ሕፃን ቆጠርከኝ፣ እያልኩ ጀመርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሱ ፕላስተር ያለበትን ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ያሻል። አሁን ሁለት ጣቱ ላይ ነው ፕላስተሩ።

«እጅጌ ስታስገባ ከብብት ነው የምትጀምረው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ለዚህ ነው የሚጎትተው። ከትከሻው ጀምር። መሃሉን በስፒል ያዝ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም ወገን ውረድ።»

ተነስቶ የትምህርት ዝግጅት ደብተሩን አመጣና ጻፈው። ቁጥር እየሰጠ። አንድ፣ ትከሻ። ሁለት፣ ስፒል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ ጠዋት

21.5፣ 34፣ 40። እንደገና፣ 21.5፣ 34፣ 40። አልፈራሁም። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ባጃጁ መጣ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

እጄ ታስሯል፤ በፍቃዱ ነው የሚጽፈው፣ እኔ እነግረዋለሁ። ቀጥ አድርገህ ጻፍ።

ሙሉ በሙሉ አላስተኙኝም። እጄን ብቻ አደነዘዙት። ጣቶቼ መሃል አረንጓዴ ቀለም ወጉኝ፤ በልዩ ካሜራ ሲያዩት ከቆዳዬ ሥር ቱቦዎቹ እንደ ነጭ ክር በሩ። እኔም በስክሪኑ አየኋቸው። አብዛኛው ቦታ ክሩ ተበታትኖ ጉም ሆኗል። ሦስት ቦታ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር አለ። ዶክተሩ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፤ እኔ በሳሙና ጨርቅ ላይ እንደማደርገው።

ከዚያ መጋረጃ አደረጉ። ሲስተር ኤልቤቴል ከራስጌዬ ተቀምጣ ግራ እጄን ያዘች። አራት ሰዓት ነው የፈጀው። የሰማሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ከድምፅ በቀር የማየው አልነበረኝም።

የመጀመሪያው አለቀ። በሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ዶክተር ገመቹ፦ «ይሄ አላማረኝም። ይፈታ» አለ።

ሲስተር ጆሮዬ ሥር፦ «አይጨነቁ እትዬ» አለች።

«አልተጨነቅኩም። ቢተወው ነበር የምጨነቀው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። ፈታው፤ እንደገና ሰፋው።

ሦስተኛው ላይ እያለ መብራት ሄደ።

ጨለማ አልሆነም፤ ጠዋት ነው፣ መስኮት አለ። ግን የማሽኖቹ ጉምጉምታ ሁሉ በአንዴ ሞተ። እኔ የሙሐመድኑርን ድምፅ ነው የምጠብቀው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጢጥ አለ።

«ይዟል» አለ ሙሐመድኑር። «ዶክተር፣ ባትሪው ይዟል። ይቀጥሉ።»

ቀጠለ።

ሲያልቅ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ደም ሥሯ ቀይ ናት። ቱቦው ከገጠመበት በኩል ንጹህ ውሃ እየገባ ደሙን ወደ ፊት ሲገፋው፣ ቀዩ ሲነጣ አየሁ። ሁለት ዓመት እጄ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ውሃ። ስፌቶቹን ቆጠርኩ፤ እኩል ናቸው።

«እንዴት ነው?» አለኝ ዶክተሩ።

«እንከን አይወጣለትም» አልኩት። ሰው አንገቱን እንዲህ ደፍቶ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

በቃ፣ ይህ ነው። ዝጋው።

*ይህን እኔ በፍቃዱ ያለ ፈቃዷ እጨምራለሁ። ሲስተር ኤልቤቴል ስንወጣ መዳፏን አሳየችኝ። የአራት ጥፍር ምልክት አለበት።*

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

በግራዬ፣ ራሴ። ፋሻው ተፈታ። 20.5፣ 33፣ 39። ያው ነው ማለት ይቻላል። ዶክተሩ ተአምር አይጠብቁ፣ ቀስ እያለ ነው፣ እብጠቱን የሚይዘው ጥብቅ እጅጌም ምናልባት ዕድሜ ልክ አብሮዎት ይሆናል አለ።

በፍቃዱ የጨመረውን አነበብኩ። መሰረዝ ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ሠላሳ ሁለቱም ከነኮሌታቸው መድረክ ላይ ቆሙ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ትከሻ ትከሻቸውን ተመለከትኩ። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ እጅጌዎች ከፊተኞቹ ይሻላሉ። አይጎትቱም።

ከፕሮግራሙ በኋላ ማርቲ ሰው ሁሉ መሃል አቀፈችኝ። «እህቶቼ፣ በእንዲህ ዓይነት እጅ ይህን ሁሉ የሰፋች ሴት ናት!» አለች። አጨበጨቡ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«ከግማሽ በላዩን የሰፋው በፍቃዱ ነው» አልኩ። «የእኔን ጠማማ እየተረተረ። ጠዋት ጠዋት። ጣቱን እዩት።»

ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። በፍቃዱ ጫማውን አየ። ሸዋአለም ኦርቶዶክስ ብትሆንም ጋውኑን ልታይ መጥታ ነበር፤ «ወፍጮ ቤት ነው ብላኝ ነበር!» ብላ ጮኸች። ሰው በሳቅ ሞተ።

በሀፍረት የምቃጠል መስሎኝ ነበር። አልተቃጠልኩም። ከመምህራኑ አንዱ በፍቃዱን ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ሳይ፣ በሕይወቴ ባሌን እንደ ዛሬ አይቼው አላውቅም።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

19፣ 30፣ 36.5።

ሁለት ጊዜ አልለካሁም። አንዴ በቃኝ።

ዛሬ መቀስ ያዝኩ። አራት ድርብ ካኪ፣ የተማሪ ሱሪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላርፍ ቆረጥኩ። መሃል ላይ መርፌ ጣቴን ነካኝ፤ አመመኝ፤ ደስ አለኝ።

ቦናም ለምርመራ መጥቶ ነበር። ከሁለቱ ስፌት አንዱ ተዘግቷል፤ ዶክተሩ እንዳለው። እግሩ ጥቂት ነው የቀነሰው። እሱ ግን ጫማ ገዝቷል፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው። «አንዱ እግር አርባ አራት፣ አንዱ አርባ ሁለት» አለና ሁለቱንም አነሳልኝ።

ጥር 3፣ እሁድ

ሲስተር ኤልቤቴል ቤቴ መጣች። ይርጋጨፌ በኩል ሬኮ በሚባል ቀበሌ፣ ቡና ማጠቢያው አጠገብ የምትኖር ጸሐይ የምትባል ሴት አለች። እንደ እኔ ጡቷን ተሠርታ እጇ ያበጠ። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥተዋት አልመጣችም። መሣሪያው ሊሄድ አራት ሳምንት አልቀረውም።

«ሄደው ያናግሩልኛል?» አለችኝ።

ጥር 6፣ ረቡዕ

እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ባሏ በሩን ከፈተልኝ። ጸሐይ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። በዚህ ሙቀት! ቀደም ሲል ማጠቢያው ውስጥ ከቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ የተበላሸ ቡና ትለቅም ነበር፤ ሰው እጇን ስለሚያይ ትታዋለች።

ስለ ሮቦቱ ነገርኳት። ስለ ክሩ፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ አረንጓዴው ቀለም። ታዳምጣለች። ከዚያ ጥብቁን እጅጌዬን አውልቄ እጄን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስቱን ጠባሳ በጣቷ ተከተለቻቸው። ትንሽ ናቸው፣ ግን ይታያሉ።

«አሁንም ከሌላው ይወፍራል» አለች።

«ይወፍራል። እንደ ድሮው አይሆንም ብለውኛል። ግን ትናንት አሥራ ሁለት ሱሪ ቆረጥኩበት።»

ጋቢዋን አጥብቃ ያዘች።

«እትዬ፣ አልፈሩም?»

አልፈራሁም የሚለው ምላሴ ላይ ነበር።

«በጣም ፈርቼ ነበር» አልኳት። «ከሐዋሳው ይልቅ ይሄኛውን ፈራሁ። ቢበላሽ ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ ሌላ ምን እንደሆንኩ ደግሞ አላውቅም ነበር።»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጸሐይ ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደች። እጇ ከእኔም የባሰ ነው። ከጎኔ አስቀመጠችው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አየናቸው።

«ማን አብሮኝ ይገባል?» አለች።

«ሲስተሯ ትገባለች። እኔ ደጅ እቆማለሁ። የሳምንቱ ሐሙስ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የዲላ ነጋዴ ሴት እጄን አየችና «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። እዚያው ተውኩት። እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩና ከመጀመሪያው ጠባሳ ጀመርኩላት፤ ዲላ ስንገባ ገና ሁለተኛው ላይ ነበርኩ፣ እሷም አልወርድም አለች።